ሥራ አጦች የሠሩት ግንብ

ሜልበርን የመጣሁት ባለቤቴን ተከትዬ ነው። አዲስ አበባ ሳለሁ የመንገድ መሐንዲስ ነበርኩ፤ እዚህ ግን ያመለከትኩበት ሁሉ የአገሩ የሥራ ልምድ የለሽም እያለ መለሰኝ። በሦስተኛው ዓመት ባለቤቴም ከፋብሪካ ተቀነሰና የሥራ አጥ ድጎማ ጠየቅን። ድጎማው ግዴታ ነበረበት። በሳምንት ሁለት ቀን፣ ማሪቢርኖንግ ወንዝ ዳር ያለ መናፈሻ ውስጥ አረም እንድነቅል ተመደብኩ።

ሥራው አይከብድም። የከበደኝ የድጎማ ሠራተኞች እንድንለብስ የምንገደደው ብርቱካንማ ሰደርያ ነው። በምንኖርበት በኬንሲንግተን ሰፈር ጎረቤታችን የሆኑ፣ ጋሼ የምንላቸው ጡረተኛ ጠዋት ጠዋት እዚያ ይራመዳሉ። ቢሮ እንደምሠራ ነግሬያቸው ስለነበር፣ ሲመጡ ባየሁ ቁጥር ፊቴን ወደ ግንቡ አዞር ነበር።

ግንቡ ቁልቁለቱን ደግፎ የያዘ ጥቁር ድንጋይ ነው። አንድ ማክሰኞ የውሃ ማስወጫ ቀዳዳዎቹ በአፈር ተደፍነው አገኘሁ። ውሃው መውጫ ካጣ ግንቡን ገፍቶ እንደሚጥለው ለአለቃችን ነገርኩት። "እንግዲያው ክፈቺው" አለኝ። በብረት ዘንግ ስጎረጉር አንዲት አሮጊት ፈረንጅ ከዘራቸውን ተደግፈው ያዩኝ ነበር።

"ይህን ግንብ ከሠሩት ሰዎች አንዱ አባቴ ነው" አሉኝ።

እሳቸው ልጅ ሳሉ፣ በፈረንጆቹ 1930ዎቹ፣ ከአገሩ ሥራ ጠፍቶ ነበር። መንግሥት ሥራ አጦቹን ዛሬ መኪና በሚቆምበት ሜዳ ላይ ድንኳን ተክሎ አሰፈራቸው። በእርዳታው ምትክ ድንጋይ እየፈለጡ፣ አፈር በጋሪ እየገፉ ቆሻሻ ይጣልበት የነበረውን የወንዝ ዳር መናፈሻ አደረጉት። አባታቸው ልብስ ሰፊ ነበሩ።

"ለእኛ ለልጆቹ ገጠር ሄዶ እንደሚሰፋ ነበር የሚነግረን። ቤታችን ግን ከዚህ በእግር ግማሽ ሰዓት ቢሆን ነው።"

"መቼ አወቁ?"

"ከሞተ በኋላ እናቴ ነገረችን። ልጆቼን እዚህ ሳጫውት እሱ መኪና ውስጥ ይቀመጥ ነበር። እግሩን የሚያመው ይመስለኝ ነበር።"

ቀዳዳውን ጎንበስ ብለው አዩና መንገዳቸውን ቀጠሉ።

ሐሙስ ዕለት ጋሼ ሲመጡ ፊቴን አላዞርኩም።

"እንደምን አደሩ፣ ጋሼ?"

ቆሙ። "ደህና፣ እግዚአብሔር ይመስገን።"

"ቢሮ እሠራለሁ ያልኩዎት ውሸት ነው። ለድጎማው ብዬ ነው እዚህ የምሠራው።"

"አውቃለሁ። ከመጀመሪያው ሳምንት ጀምሮ አይሻለሁ። ሰላም ያላልኩሽ እንዳትሳቀቂ ብዬ ነው።"

የያዝኩትን ብረት ዘንግ አይተው ወደ ግንቡ እያመለከቱ፣ "ይኼ ቀዳዳ ለምንድን ነው?" አሉኝ። ውሃ ከግንብ ጀርባ እንዴት እንደሚጠራቀም አስረዳኋቸው። እንደ መሐንዲስ ከሰው ጋር ካወራሁ ሦስት ዓመት ሆኖኝ ነበር። እስከ መጨረሻው አዳመጡኝ፤ ያልገባቸውንም ሁለት ጊዜ ጠየቁኝ።

በዓመቱ አንድ የመንገድ ተቋራጭ ቀጠረኝ። በማመልከቻዬ ላይ ግን የመናፈሻውን ሥራ አልጻፍኩም፤ እኔም እንደ ልብስ ሰፊው ደበቅኩት።