ሰባት ጊዜ የታጠበው ጃኬት

የቆዳ ጃኬት በሳሙና አይታጠብም። ይህን ለቤተሰቤ ስንት ጊዜ እንደነገርኩ አላህ ያውቃል። በእርጥብ ጨርቅ ይጠረጋል፣ ጥላ ላይ ይደርቃል፣ ከዚያ ቅባት በጣት እየተወሰደ እስከ ስፌቱ ድረስ ይታሻል። ቅባት የጠጣ ቆዳ ውኃ አያስገባም፤ ቅባት ያጣ ቆዳ ተሰነጣጥቆ ያልቃል። በቃ፣ ይኸው ነው። ለዚህ ዩኒቨርሲቲ መግባት አያስፈልግም።

ሥራዬ ኮምቦልቻ ፋብሪካ ውስጥ ነው፤ ደሴ ካለው ሰፈራችን ከሆጤ በየቀኑ በሞተር እመላለሳለሁ። ሚኒባስ ጠብቆ ለጠዋት ፈረቃ የሚደርስ ሰው ካለ ያሳዩኝ። ክረምት ሲሆን የደሴ ጉምና ዝናብ አጥንት ይበላል፤ ቁልቁለቱ ላይ የጭነት መኪናው ጭቃውን ፊቴ ላይ ይረጨዋል። ኮምቦልቻ ይሞቃል፤ ግን ውስጤ ከረጠበ ሙቀቱ አይደርስልኝም፣ ማሽኑ ሥር ቆሜ ስንቀጠቀጥ እውላለሁ። "ሴት ልጅ በሞተር?" የሚለኝ ሁሉ ይህን አያውቅም። ጃኬቱን ከሰልባጅ ተራ መርጬ የገዛሁት ለማጌጥ አይደለም። አንዴ ዘይት የፈሰሰበት ኩርባ ላይ አንሸራቶኝ አስፋልቱ ላይ ስጎተት የተላጠው የጃኬቱ ክርን ነው፤ የእኔው ደህና ነበር። ከዚያ ወዲህ ለፀጉሬ የምሰስተውን ቅባት ለእሱ አልሰስትም ነበር።

አንድ የእረፍት ቀን ከገበያ ስመለስ ጃኬቴን ቆርቆሮው ጣሪያ ላይ፣ ጠራራ ፀሐይ ላይ ተዘርግቶ አገኘሁት። እንደ ቋንጣ ደርቋል። እጅጌው አልታጠፍ አለኝ፤ በግድ ሳጥፈው ክርኑ ላይ ተሰነጠቀ። ስፌቱ ውስጥ ጭቃ ነበር። ደሜ ፈላ።

አባቴ ግቢው ውስጥ በርጩማ ላይ ተቀምጠው እጃቸውን ያደርቃሉ። በእኛ ቤት አባት አንቱ ነው የሚባለው፤ በአንቱታ መቆጣት ምን ያህል እንደሚያንቅ የሞከረው ያውቀዋል።

"አባ፣ ምን አድርገውት ነው?"

"አጠብኩት። ያ የምትቀቢው የፈረንጅ ቅባት የአሳማ ስብ አለበት አሉኝ። ሰባት ጊዜ ነው ያጠብኩት፣ አንዱን ባፈር።"

አሳማ የነካው ነገር ነጃሳ፣ ርኩስ እንደሆነ፣ እንዲያ ታጥቦም እንደሚጠራ እኔም አውቃለሁ። ያናደደኝ እሱ አይደለም። ማን አላቸው? ጎረቤታችን። ጎረቤታችን የቅባቱ ጣሳ ላይ የተጻፈውን ማንበብ ይችላል? አይችልም። እኔን ጠየቁ? አልጠየቁም። ለብሼው የምሠራውን፣ አንዴ ነፍሴን ያተረፈውን ልብስ በጎረቤት ወሬ ገደሉት።

"ቢጠይቁኝ ምን ነበረበት? ሌላ ቅባት እገዛ ነበር" አልኳቸው። "አሁን ይኼ ውኃ ያስገባል። ብወድቅም አያድነኝም። ክርኑን ያዩታል?" ድምፄ አጥር ተሻግሮ እንደነበር አውቃለሁ። ጎረቤቱም ይስማ ብዬ ነው።

አባቴ አልተቆጡም። ጃኬቱን ከእጄ ወስደው ስንጥቁን በአውራ ጣታቸው ዳሰሱት።

"ልጄ፣ በዚያ መንገድ መውደቅሽ አይቀርም" አሉ። "እኔ ወላሂ ይኼን ከተቀበልኩት ቆይቻለሁ። ስትሞቺ ነጃሳ ለብሰሽ እንዳትሞቺብኝ ነው።"

ይህን ያሉት ስለ ሌላ ሰው ልጅ እንደሚያወሩ ሁሉ በተረጋጋ ድምፅ ነው። ንዴቴ ከጃኬቱ ላይ ተነሥቶ ወደ እሳቸው ዞረ፤ እስካሁንም አልወጣልኝም። አንድ ቀን እንኳ ቀስ ብለሽ ንጂ ብለውኝ አያውቁም። ለካ በሆዳቸው ቀብረውኝ ኖሯል።

በማግሥቱ ማልዶ ዘነበ። ሌላ ስለሌለኝ ያንኑ እንጨት የሆነ ጃኬት ለብሼ ሞተሩን አስነሣሁ። አባቴ እንደ ወትሯቸው በር ላይ ቆመው፣ መዳፋቸውን ዘርግተው ዱዓ ያደርጉልኝ ጀመር። እስከዚያ ቀን ድረስ እንዳልወድቅ የሚለምኑልኝ ይመስለኝ ነበር።