ሰላምታ የማያሳጥሩት ወይዘሮ

ወይዘሮ ሲታን ፋኔ አልተውም ያሉት ሰላምታን ነው። በሴጉ ከተማ ዳርቻ በሚገኘው የወተት ማኅበር ዐሥራ አንድ ዓመት ሙሉ፣ ጎህ እንደ ቀደደ፣ ወተት አለ ወይ ብለው ለመጠየቅ ለሠላሳ ሁለት አርቢዎች በየተራ ሲደውሉ ኖረዋል። ወደ ጥያቄው የሚደርሱት ግን ቤቱ፣ ልጆቹ፣ እናቲቱ፣ ጎረቤቱና ከብቱ በደኅና ማደራቸውን ካረጋገጡ በኋላ ብቻ ነበር።

አዲሱ ሥራ አስኪያጅ ያኩባ ታንጋራ ከዋና ከተማው ከባማኮ ይዞት የመጣው መሣሪያ ሠላሳ ሁለቱንም በአራት ደቂቃ ይጨርሳል። በተቀዳ ድምፅ «ወተት ካለ አንድን፣ ከሌለ ሁለትን ይጫኑ» ይላል፤ ይዘጋል። ለሙከራ ዐሥር ቀን ተቆረጠለት። ሙከራው ከሰመረ ወይዘሮ ሲታን ወደ ቤታቸው ይሸኛሉ።

ስድስት ቀን እንከን አልተገኘበትም። ወተቱ ፀሐይ ሳይከር ይገባ ጀመር፤ ይህን ወይዘሮዋም አልካዱም። ወንበራቸውን ግን ከስልኩ አጠገብ አላነሡም።

በሰባተኛው ቀን ወተት የሚሰበስበው የባለ ሦስት ጎማ ሹፌር ከመንገድ ደወለ። ወንዙ ሞልቷል፤ መሻገሪያው አይታይም፤ በማዶም ወተት ይዞ የሚጠብቅ ሰው የለም።

ያኩባ ቱግ አለ። «ያ የማዶው አርቢ፣ ሐማዲ ሲዲቤ፣ አንድን ተጭኗል፤ ይኸው ተመዝግቧል! ወተት አለኝ ብሎ ሰው አስለፋ። ስሙ ይሰረዝ!»

«ከመሰረዝህ በፊት ሰላም ልበለው» አሉ ወይዘሮ ሲታን።

«አክስቴ፣ ሹፌሩ የጫነው ወተት በሙቀት እየተበላሸ ሰላምታ?»

«ዝም ብለህ ስማ፣ ልጄ።»

ያኩባም እንዲሰማ ድምፁን ከፍ አድርገው ደወሉ።

«ሐማዲ፣ እንዴት አደርክ? ቤቱስ?»

«ሰላም ብቻ።»

«ልጆቹስ? እናትህስ?»

«ሰላም ብቻ። አንቺ የቀጥቃጭ ልጅ፣ ሰባት ቀን የት ጠፋሽ? ወናፉ ዋጠሽ?»

ቀጥቃጮቹ ፋኔዎችና ከብት አርቢዎቹ ፉላኖች፣ ሲዲቤዎቹ፣ በአገሩ ወግ በቀልድ ካልተሰዳደቡ ሰላም የተባባሉ አይመስላቸውም።

«አንተ የላም ጭራ ይዘህ ያደግህ! ሚስትህና ጊደርህ ወንዝ ቢገቡ፣ ሚስቴ ዋና ትችላለች ብለህ ጊደሯን ታወጣለህ። ለመሆኑ ላሞቹስ?»

ሐማዲ ከት ብሎ ሳቀ። ያኩባ ሰዓቱን አየ፤ ሁለት ደቂቃ ሞልቷል።

«ላሞቹም ሰላም ብቻ ናቸው» አለ ሐማዲ። ከዚያ ድምፁ ዝግ አለ። «ብቻ... ሊነጋጋ ሲል ወንዙ መሻገሪያውን ወሰደው። ወተቱን በአህያ ጋሪ ዞረን እስከ ላይኛው ድልድይ አድርሰናል። ማንጎው ጥላ ሥር እርጥብ ጆንያ አልብሰነው የሚያነሣው ሰው እንጠብቃለን።»

ያኩባ ወደ ስልኩ ጎንበስ አለ። «ታዲያ ጠዋት ለምን አልተናገርክም?»

«ለማን? ያ ድምፅ ወተት አለ ወይ አለኝ፤ አለ አልኩ። እንዴት አደርክ ላላለኝ ፍጡር ጭንቄን ላዋየው? እኔ ጨዋ ያሳደገኝ ነኝ እኮ!»

ያኩባ የድልድዩን ቦታ ወዲያው ለሹፌሩ በስልክ ላከ። ረፋዱ ላይ ጣሳዎቹ ሞልተው ገቡ፤ ሲፈተሹም አንዱ እንኳ አልተበላሸም። የሐማዲ ስም ሳይሰረዝ ቀረ።

ወጣቱ ሥራ አስኪያጅ ኩራቱን ዋጥ አድርጎ፣ ወንበር ስቦ፣ ከወይዘሮዋ ፊት ተቀመጠ። ሰላምታቸውን ለመሣሪያው እንዲቀዱለት ለመናቸው። አንድ ጊዜ ብቻ ቢናገሩ መሣሪያው ለሁሉም እንደሚያሰማላቸው፣ እሳቸውም ደመወዛቸው ሳይቋረጥ እንደሚያርፉ ነገራቸው።

ወይዘሮ ሲታን ሻሻቸውን አስተካክለው እንዲህ ሲሉ መለሱ፦ «ድምፄንስ ልስጥህ፤ መልሱን ማን ይሰማልሃል? አርቢው፣ እናቴ ታማለች ሲለው፣ አንድን ተጫን ሊለው ነው? መሣሪያህ ጎበዝ ነው፤ አልጠላሁትም። ቁጥሩን ይያዝ፣ ሹፌሮቹን ያሰማራ፣ መንገዱን ያሳያቸው። ከዚያ ሁሉ ልፋት ገላግሎኛል፤ አላህ ይስጠው። ያተረፈልኝን ጊዜ ግን ሰላምታ ላይ አጠፋዋለሁ። እስከ ዛሬ በጥድፊያ ጎረቤት ድረስ ብቻ ነበር የምጠይቀው፤ ከነገ ጀምሮ አማቶቻቸውንም እጨምራለሁ።»