ለጥሩምባ የተመረጠ ጊታር

አክስቴ ልብስ ሰፊ ናት። ሠላሳ ስድስት ዓመት ሙሉ በአንዲት ጠባብ ክፍል፣ መስኮት ሥር ባቆመችው የስፌት መኪና ላይ አጎንብሳ የሰው ሱሪ ስታሳጥር፣ የሰው ቀሚስ ስታሰፋ ኖራለች። እሑድ ሲሆን ግን መኪናዋን ጨርቅ ታለብስና ከቁም ሣጥኑ አናት ላይ ጊታሯን ታወርዳለች። አጨዋወቱን በተማሪነቷ ከትምህርት ቤቷ የሙዚቃ ቡድን የቀሰመችው ነው። ጎበዝ ነኝ አትልም፤ ጎበዝ ናት።

ችግሩ ባሏ ነበር። የከተማ አውቶቡስ ሾፌር ሆኖ ኖሮ ጡረታ ከወጣ ሁለት ዓመቱ ነው። የሥራ ባልደረቦቹ ጥሩምባ ብለው ስም አወጡለት፤ እኛ ዘመዶቹም በሌላ ስም ጠርተነው አናውቅም። ክላክስ ነክቶ አያውቅም ይባላል። በመስኮት ብቅ ብሎ "ዘወር በሉ" ካለ መንገዱ ይጸዳል። አክስቴ ጊታሯን ስታነሳ እሱም ወንበሩን ስቦ አጠገቧ ይቀመጥና ይዘፍናል። ከልቡ ነው የሚዘፍነው። ነገር ግን ጊታሩ ወደ ቀኝ ሲታጠፍ እሱ ወደ ግራ ይታጠፋል፤ ጊታሩ ደርሶ ከቆመ በኋላም እሱ ገና መንገድ ላይ ነው።

አንድ ቀን እንኳ ዝም በል ብላው አታውቅም። ደስ ብሎት ሳለ ምን ብዬ አፉን አስይዘዋለሁ ትለኝ ነበር። እንዲህ እያለች ስትኖር ነው አሮጌ የሙዚቃ መሣሪያ እየጠገነ የሚሸጥ አንድ ሰው ዘንድ ባለ አሥራ ሁለት ክር ጊታሮች እንዳሉ የሰማችው። ይህ ዓይነቱ ጊታር ክሮቹ ጥንድ ጥንድ ናቸው፤ አንዷን ሲነኩ ጓደኛዋም አብራ ትጮኻለች፣ ድምፁም በዚያው ልክ ይወፍራል። ለእኔ ለብቻዬ፣ "ጥሩምባን የሚችለው ካለ እሱ ነው" አለችኝ። ለእሱ ግን አሮጌው ስላነሰኝ ነው ብላ አለፈችው።

ቅዳሜ ጠዋት ሦስታችንም ሄድን። ሱቁ አንድ ክፍል ነው፤ ግድግዳው ከዳር እስከ ዳር የተሰቀለ ጊታር፣ ጠረጴዛው ሙጫና መሮ። ጠጋኙ ጎልማሳ ሰው ነው፣ እጁን በሽርጡ ጠራርጎ ተቀበለን። ባለ አሥራ ሁለት ክሮቹ ሦስት ነበሩ፤ ሦስቱም በዕድሜ ይበልጡኛል።

ጥሩምባ መጀመሪያ ያየውን ወደደ። ቀይ፣ የሚያብለጨልጭ፣ ዳር ዳሩ በነጭ የተከፈፈ ነው። ይቺ ሙሽራ ናት አለ። አክስቴ ሁለት ጊዜ ነካችውና ጣቶቿን አራገፈች። ክሮቹ ከአንገቱ ርቀው ስለቆሙ ለመጫን የጉልበት ሠራተኛ ይጠይቃል። ጠጋኙም አልደበቀንም፤ የአሥራ ሁለት ክር ውጥረት ቀላል ሸክም አይደለም፣ ዓመት ከዓመት ሲጎትተው አንገቱ ጎብጧል አለን። ጥሩምባ አንድ ዓይኑን ጨፍኖ እንደ አነጣጣሪ በአንገቱ ርዝመት አየና ጉብጠቱን ራሱ አገኘው። ከዚያ ወዲያ ማን ይቻለው፤ መርማሪ ሆነ። ሁለተኛውን ሆዱ ተነፍቷል ብሎ ጣለው። እውነቱን ነው፣ ክሮቹ የታሰሩበት እንጨት አካባቢ የፊቱ ገበታ አብጦ በመዳፍ ይታወቅ ነበር።

ሦስተኛው መልክ የሚባል ነገር የለውም። ቀለሙ የደበዘዘ፣ ፊቱ በጥፍር የተፋቀ፣ ጎኑም አንድ ጣት ያህል ተሰንጥቆ የተጠገነ ነው። አክስቴ ጥጋኑን በአውራ ጣቷ ዳሰሰችና የማን እጅ እንደሆነ ጠየቀች። የአባቴ ነው አላት።

"በደንብ ነው የሰፉት" አለች። የሌላ ሰው ስፌት ስታመሰግን የሰማሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

አንገቱ ቀጥ ያለ፣ ክሮቹም ለጣት ቅርብ ነበሩ። ጠጋኙ እየቃኘ፣ ይህን ጊታር ከተለመደው አንድ ድምፅ ዝቅ አድርገው ይያዙት፣ አንገቱ ዕድሜ ያገኛል ሲል መከራት። ቅኝቱ ሩብ ሰዓት ፈጀ። ከዚያ ሰጣት፣ መታችው፣ ክፍሉ ሞላ። በግድግዳው የተሰቀሉት ሁሉ በየራሳቸው ሲያንጎራጉሩ ይሰማ ነበር።

ጥሩምባ አፉን ከፈተ። እኔ በሩን በዓይኔ ፈለግኩ። ነገር ግን ድምፁ ወፍሮ፣ ረግቶ፣ ልክ ጊታሩ ያለበት ቦታ ላይ ገባ። ስትወጣ ወጣ፣ ስትወርድ ወረደ። አክስቴ መምታቷን ሳታቆም ቀና ብላ ታየው ጀመር፤ ዘፈኑን እኩል ጨረሱ።

"እስከ ዛሬ ለምን እንደዚህ አትመቺልኝም ነበር?" አላት።

"እንዴት አድርጌ?"

"እንዲሰማኝ አድርገሽ።"

ነገሩ ያኔ ወጣ። ዕድሜውን ሙሉ የአውቶቡሱ ሞተር በቀኙ ሲያገሳበት ያ ጆሮው ሄዷል፣ ግራውም ከቀጭን ድምፅ ጋር ከተለያየ ቆይቷል። እሷ ቀስ ብላ የምትመታው ለጎረቤት አዝና ይመስለው ነበር። ታዲያ በምን እየተመራህ ነው የምትዘፍነው አለችው።

"ፊትሽን እያየሁ ነው" አላት። "ደስ ሲልሽ ይታወቃል፤ እዚያ ላይ ነው የምገባው።"

አክስቴ ግንባሯን ጊታሩ ላይ አስደግፋ እንባዋ እስኪፈስ ሳቀች። ጠጋኙ ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባል የለ አለ። ጥሩምባ፣ የእኔስ ለሚስቴም ባዳ ሆኖ ነው የኖረው ብሎ መለሰለት። ስለ ዋጋው ማንም የተከራከረ አልነበረም።

ሰኞ እጁን ይዛ ጆሮ ሐኪም ዘንድ ወሰደችው፤ ከሦስት ሳምንት በኋላ በሁለቱም ጆሮው የመስሚያ መሣሪያ ገባለት። ባለፈው እሑድ ሄጄ ሳያቸው፣ ገና በዘፈኑ መሃል እጁን አንስቶ አስቆማት።

"ቆይ፣ ሦስተኛዋ ጥንድ ክር ከቅኝቷ ወርዳለች።"

እውነትም ወርዳ ነበር። አክስቴ ይኸው መስማት ሲጀምር ደግሞ ውሃ ቀጠነ ማለት አመጣ ብላ አጉረመረመችና፣ ፈገግታዋን ለመደበቅ እያጎነበሰች የክሩን መወጠሪያ ቁልፍ ጠመዘዘች። እሱ አፉን እንደከፈተ ጠበቃት።