ጋሼ ሚዳቋውን የነፉ ዕለት

አራት ነበርን። የጓሮው ባለቤት ስዊድናዊ፣ ከአጎቴ ጋር አውቶቡስ ጋራዥ የሚሠራ መካኒክ። ጋሼ የምላቸው አጎቴ። ከሚኖሩበት ሰፈር ከሪንከቢ ዳቦና ሻይ ይዘው የመጡት ሚስታቸው፣ እትዬ። አራተኛው እኔ።

ጓሮው ከሄሰልቢ የባቡር ጣቢያ ወዲያ ነው። ጊዜው በፈረንጆች ዘጠናዎቹ አጋማሽ፣ ፍልሰታ ሊገባ ሲል የዋለ ቅዳሜ። የስዊድናዊው የአደን ቡድን ለመጪው መኸር አንድ ሰው ጎድሎት ነበር፤ ያ ሰው መሆን ፈልጌያለሁ። ከቤተ መጻሕፍት በተዋስኩት መጽሐፍ ብቻዬን አጥንቼ የአዳኝነቱን የጽሑፍም የተኩስም ፈተና አልፌያለሁ። የቀረኝ የታደነ እንስሳ ሆድ መክፈት ነው። እሱንም ጨጓራው እንዳይወጋ ስለቱን ወደ ላይ፣ ሁለት ጣት ከሥሩ አድርጌ በትራስ ላይ ተለማምጃለሁ። ስዊድናዊው ጠዋት መኪና የገጨውን ሚዳቋ ለልምምድ ብሎ ዛፍ ላይ ሰቀለልኝ።

ቢላዋዬን ሳወጣ ጋሼ "ቆይ፣ መጀመሪያ ይነፋል" አሉና የኋላ እግሩን ቆዳ ቀደድ አድርገው አፋቸውን ገጠሙ። አገር ቤት የበግ ቆዳ ቶሎ እንዲለቅ እንደሚደረገው።

"ጋሼ፣ መኪና የገጨው እኮ ነው። ውስጡ ፈርጦ ይሆናል።"

"አንተ በመጽሐፍ ታውቃለህ፤ እኔ ስንት ፋሲካ በግ አርጃለሁ!"

ነፉ። የጎኑ ቁስል ፊሽ አለና አረንጓዴ ፈርስ ጫማዬ ላይ ተረጨ። ጋሼ አፋቸውን ሳያነሱ ትንፋሽ ሲስቡ ደግሞ ፈርሱ በእግሩ በኩል ወደ እሳቸው ተመለሰ። ከንፈራቸው ላይ ፀጉር ተለጥፎ ነበር።

"ኧረ በስመ አብ!" አሉ እትዬ። "አንተ ሰውዬ፣ ይሄን አፍ ይዘህ ቤቴ ልትገባ ነው?"

"ውሃ አምጪ፤ አታውሪ!"

ስዊድናዊው አልሳቀም። በአገጩ ቀጥል አለኝ። ሆዱን ከፈትኩ። መጽሐፉ ስለ ሽታው አንድ መስመር አልጻፈም። ጣቶቼ የገቡበት ለብ ያለ ነበር፤ ትራስ ለብ አይልም። ወዲያው ጨጓራው ፈሶ እስከ ክርኔ ደረሰ። ቢላዋውን ጥዬ መጋዘኑ ጀርባ ሄጄ አስመለስኩ። እስካሁን እርጥብ ሣር ሲሸተኝ ሊያስመልሰኝ አፌ ምራቅ ይሞላል።

ስመለስ ስዊድናዊው እጁን እየታጠበ ነበር። "ጨጓራውን ወግተኸዋል" አለኝ። "ዘንድሮ ሌላ ሰው እወስዳለሁ።"

እኔ ስለቱን ወደ ላይ እንደያዝኩ አስታውሳለሁ። ጋሼ፣ እትዬ፣ እናንተ ቆማችሁ ታዩ ነበር፤ የወጋሁት እኔ ነኝ ወይስ መኪናው ቀድሞ አፍርጦት ነበር? ያያችሁትን እዚሁ ከጻፍኩት ሥር ጨምሩበት።