«ሠራው» ያለው ልብስ ሰፊ

ባለቤቴ ካረፈ ሰባት ወሩ ነው። በቀን ጥቂት መስመር እጽፋለሁ፤ ከዚያ በላይ እጄ አይሄድልኝም። የዛሬው ግን የሚያስቀኝ ነው።

በጃንሆይ ጊዜ ነው፣ ቡታጅራ። አባቴ ከጎጃም መጥተው በከተማው ቤተ ክርስቲያን የሚያስተምሩ መሪጌታ ነበሩ። ባለቤቴ ደግሞ አንድ ሐጂ ጨርቅ ከሚሸጡበት ሱቅ በረንዳ ላይ የሚሰፋ የጉራጌ ልጅ ነው። አማርኛ የተማረው ከገበያ ነው። ሐጂው ሽማግሌ ሆነው ሲለምኑለት አባቴ፣ «ሃይማኖቱን ሳልጠይቅ ልጄን አልሰጥም። ራሱ ይምጣ» አሉ።

እሑድ አብረው መጡ። እኔ ጓዳ ሆኜ በመጋረጃው ጥግ አያለሁ።

«ወልድ ከአብ እንዴት ተገኘ?» አሉ አባቴ።

«አብ ሠራው» አለ።

ለእሱ «ሠራ» ሁሉን ቻይ ቃል ነበር፤ እናቱ እንኳ ስድስት ልጅ «ሠርታለች»።

አባቴ መቋሚያቸውን አስቀመጡ። «በጥንት ዘመን አንድ መናፍቅ ወልድን ፍጡር ነው ሲል፣ የእስክንድርያው ሊቀ ጳጳስ 'ተወለደ እንጂ አልተፈጠረም' ብሎ አምስት ጊዜ ተሰደደ። ያ ሁሉ የተደከመበትን ክህደት አንተ ቤቴ ድረስ ይዘህልኝ መጣህ። ሐጂ፣ ምን ይላሉ?»

«መሪጌታ፣ እኔ በዚህ ነገር ከገባሁ ሠርጉ ጨርሶ ይቀራል።»

አባቴ ሳቃቸውን በጋቢያቸው ሸፈኑ። ከዚያ ለስለስ ብለው፣ «ልጄ፣ መሥራትና መውለድ አንድ ነው?» አሉት።

ሲያስብ እንደሚያደርገው ግራ ቅንድቡን ከፍ አደረገ። የለበሰውን ኮት ጫፍ ያዝ አድርጎ፣ «አይደለም፣ አባባ። ይኼን ኮት ሠራሁት። ከጨርቅ ነው፣ ከእኔ አይደለም። ልጅ ብወልድ ግን ከእኔ ነው፤ እኔን ይመስላል» አለ።

«እንግዲያ ወልድ?»

«ተወለደ። አልተሠራም። አፌ ነው የሳተ።»

አባቴ ወደ ሐጂ ዞረው፣ «ሊቀ ጳጳሱም ከዚህ የራቀ አልተናገረም፤ መርፌ ብቻ አልያዘም» አሉ። ሠርጉ ለጥር ተቆረጠ።

ያ ኮት ዛሬም ምስማር ላይ ተሰቅሏል። ከሞተ ወዲህ ስንት ጊዜ ቆሜ አየሁት፤ ኮት ነው፣ ሌላ ምንም የለውም። ትናንት የመጨረሻዋ ልጄ ከሥራ ገብታ፣ በሩ ላይ ቆማ፣ ግራ ቅንድቧን ከፍ አድርጋ፣ «እማዬ፣ ራት ሠራሽ?» አለችኝ።

ዐይን ዐይኗን እያየሁ ሳቄ መጣ።

«ሠራሁ» አልኳት። «አንቺን ግን ወለድኩሽ።»