የጥላ ሰብሳቢው ሁለት ዓይን

ይህን ነገር እስከ ትናንት ለማንም አልተናገርኩም። ለነፍስ አባቴ እንኳ አልተናገርኩም። በየጾሙ ፊታቸው ተንበርክኬ ሰው መቆጣቴን፣ ጾም መግደፌን፣ በእርሻ የጎረቤቴን ድንበር መግፋቴን ሳይቀር ስዘረዝር ይህችን አንዲቱን እዘላታለሁ። እሳቸውም «ሌላስ?» ይሉኛል። «ሌላ የለም፣ አባ» እላለሁ። ሌላ ነበረ። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ሌላ ነበረ።

እኔ ከዘመሮ ከተማ ወጣ ብሎ ገብስ የማርስ፣ በግ የማረባ ሰው ነኝ። ትምህርት ቤት አልገባሁም። ፊደል የቆጠርኩት ጎልማሳ ሆኜ፣ ዳዊት ከሚደግም ጎረቤቴ ሥር እየተቀመጥኩ ነው። ከዚያ ወዲህ ያገኘሁትን ሁሉ አነባለሁ፤ የማዳበሪያ ከረጢት ላይ ያለው ጽሑፍ እንኳ አያመልጠኝም። በዚህም ኮራሁ። ሰው ሲጣላ ለሽምግልና የምጠራ፣ ስለ እውነት ማውራት የማይሰለቸኝ ሰው ሆንኩ። ልጆቼን ያሳደግኩት «ከቤቴ ውሸታም አያድርም» እያልኩ ነው። ይህን የምነግራችሁ ከናቃችሁኝ አይቀር በደንብ እንድትንቁኝ ነው።

ልጄ ፀዳለ ዘጠነኛ ክፍል ሳለች ከትምህርት ቤቷ ቤተ መጻሕፍት አንድ ወፍራም ልብ ወለድ ተውሳ መጣች። የሌለ አገር ታሪክ ነው። በውስጡ የሰዎችን ጥላ እየገፈፈ በጋን ውስጥ የሚያከማች ክፉ ጌታ አለ፤ ጥላው የተወሰደበት ሰው ከዚያ ጌታ ደጅ መራቅ አይችልም። ፀዳለ ይህን ስታነብ ወጥ ያርርባታል፣ ሲጠሯት አትሰማም። እናቷ «ይቺ ልጅ ሳንድራት መጽሐፍ አግብታለች» እያለች ትስቅባት ነበር። እኔ አልሳቅሁም።

አንድ ቅዳሜ ፀዳለ ወፍጮ ቤት ሄዳ ደብተሯን መደቡ ላይ ተገልጦ አገኘሁት። ያን ክፉ ጌታ ሥላዋለች። ድንጋይ ላይ ተቀምጦ አገጩን በዱላው አስደግፏል፤ ጥቁር በርኖስ ለብሷል። በርኖሱ የእኔ ነው። ትከሻው ላይ የተጣፈችው እራፊ እንኳ አልቀረችም። ዓይኖቹም ሁለት ናቸው፤ ፊት ለፊት ያዩኛል።

በቤተ ክርስቲያናችን ግድግዳ ላይ ጻድቅ በሁለት ዓይን ይሣላል። ክፉ ሰው ግን ፊቱን ወደ ጎን አዙሮ በአንድ ዓይን ብቻ ነው የሚሣለው። ይህን እኔ ከሕፃንነቴ ጀምሮ አውቃለሁ፤ እሷም ታውቃለች። ስትመለስ ደብተሩን ይዤ ጠበቅኋት።

«ይህ ማነው?»

«ጥላ ሰብሳቢው ነው፣ አባባ። የመጽሐፉ ክፉ።»

«ለክፉ ሁለት ዓይን ማን ይሰጣል?»

ዱቄቱን ከትከሻዋ እያወረደች ሳቀች። «እሱ እኮ መጀመሪያ የወሰደው የገዛ ልጁን ጥላ ነው፤ ጥሎኝ እንዳይሄድ ብሎ። ክፉ ነው፣ ግን ይወዳል። አንዱን ዓይን ብደብቅበት ይሄ አይታይም።»

«በርኖሱስ?»

«እኔ በርኖስ የማውቀው የእርስዎን ነዋ!»

ሥዕሉን ከደብተሩ ቀድጄ ወሰድኩባት። ለክፉ መንፈስ ክብር ሰጠሽ ብዬ ተቆጣሁ። ቁጣዬ የሃይማኖት ቁጣ መሰለኝ። ነበር? በሚቀጥለው ሳምንት እሷ ትምህርት ቤት ስትውል እኔ መጽሐፉን አነበብኩት። ክህደት ልፈልግበት ነበር የጀመርኩት። ጥላ ሰብሳቢው የሰው ጥላ በገፈፈ ቁጥር «ለእናንተው ብዬ ነው» ይላል። በዚያው ሰሞን እኔም ፀዳለን «አሥረኛን ስትጨርሺ ይበቃሻል፤ መሐል ሜዳ ከተማ ቤት ተከራይቶ መማር የለም። ለአንቺው ብዬ ነው» ብያት ነበር። ቃል በቃል። ልጄ መጽሐፉን አንብባ እኔን ሥላለች። ሳታውቀው ነው ወይስ አውቃ? እስከ ዛሬ አላውቅም።

መጽሐፉን አቃጠልኩት። በጠራራ ፀሐይ፣ ቤት ውስጥ ሰው በሌለበት ሰዓት፣ የኩበቱ ፍም ላይ አድርጌ አቃጠልኩት። አደራ መሆኑን እያወቅሁ አቃጠልኩት። ሽፋኑ በወፍራም ፕላስቲክ ተለብጦ ስለነበር ቤቱ ከረፋ።

ፀዳለ ከትምህርት ቤት መጥታ ገና በሩ ላይ አፍንጫዋን ያዘች። «ምን ተቃጥሎ ነው? ፕላስቲክ ፕላስቲክ ይላል።»

«የጄሪካን ክዳን ነው» አልኳት።

መጽሐፉን ስታጣው ቤቱን ገለባበጠችው። እኔም አብሬያት ፈለግኩ። ሰምታችኋል? አብሬያት ፈለግኩ። ጎታውን አዘንብዬ፣ አልጋውን አንስቼ፣ «የሰው ዕቃ እንዲህ ነው የሚያዝ?» እያልኩ በራሴ እጅ ያቃጠልኩትን ፈለግኩ።

ሁለት ሳምንት አለፈ። ትምህርት ቤት ውስጥ ፀዳለ መጽሐፉን ገበያ ወስዳ ሸጠችው ተባለ። ቤተ መጻሕፍቱን የሚይዙት መምህር ደሳለኝ ሰው ላኩብኝ። ያን ዕለት እውነቱን ብናገር የሚያልቅ ነገር ነበር። እኔ ግን ስሜን አሰብኩ። አስታራቂው፣ እውነተኛው። ስለዚህ በዳይ ድንጋይ ተሸክሞ የሚማለድበትን የአገሬውን ወግ አወጣሁ፤ ልጄን ድንጋይ አሸክሜ ይቅርታ ላስጠይቃት ወሰንኩ።

ከወንዙ ዳር ድንጋይ አነሣሁና አንገቷ ላይ ጫንኩባት። በተማሪ ፊት ነድቼ ወሰድኳት። መምህሩ ሲያዩን ከቢሯቸው ሮጠው ወጡ።

«ኧረ በእግዚአብሔር! ጌታዬ፣ መጽሐፍ ነው እኮ የጠፋው፣ ሰው አልሞተም! ያውርዱላት!»

«ትሸከም» አልኩ። «አደራ ያጠፋ እንዲህ ነው።»

ተንበረከከች። «ጥፋቱ የእኔ ነው፣ ይማሩኝ» አለች። መምህሩ ድንጋዩን በእጃቸው አንሥተው ወረወሩት። እኔን አላዩኝም፤ መሬቱን ነበር የሚያዩት።

ድንጋዩን ይዤው ተመለስኩ። ለምን እንደሆነ አላውቅም፤ ምናልባት እዚያ መተዉ አስፈርቶኝ ይሆናል። ወንዙ ጋ ስንደርስ ከነበረበት ቦታ መለስኩት። ፀዳለ ጎንበስ ብላ አንገቷን ታጠበች።

«አባባ» አለች።

«ምን?»

«የጄሪካኑ ክዳን አለ እኮ። አልተቃጠለም።»

ቁጣ አልነበረበትም። በጉ ጋጣ ገብቷል እንደሚባለው ነው ያለችው። እኔ ርምጃዬን አፈጠንኩና ከፊቷ ሄድኩ።

እንግዲህ ስትንበረከክ ታውቅ ነበር። እያወቀች ተሸከመችልኝ።

ከዚያ ወዲያ እርሳስ ለሥዕል አላነሣችም። «መጽሐፍ ሻጯ» የሚል ስም ወጥቶላት እስከ አሥረኛ ድረስ ተከተላት። ያን እንደጨረሰች እኔ ሳልከለክላት ራሷ ትምህርቱን ተወችና ደብረ ብርሃን ፋብሪካ ገባች። ለበዓል አትመጣም። ስትደውል ስልኩን እኔ ካነሣሁት «ደህና ነዎት? እናቴን ያቅርቡልኝ» ትላለች። አታመናጭቀኝም። ብታመናጭቀኝ ይሻለኝ ነበር።

ሥዕሉን አላቃጠልኩትም። ዳዊቴን በማስቀምጥበት የቆዳ ማኅደር ውስጥ አለ። ስጸልይ አወጣዋለሁ። አላወቅሁም ነበር ልላችሁ አልችልም። ለሃይማኖት ቀንቼ ነው ብላችሁም ውሸት ነው። ያቃጠልኩት መልኬን ያየሁበትን መስተዋት ነው፤ ያሸከምኳትም የራሴን ነው።

ትናንት መምህር ደሳለኝ ቤት ሄጄ ነገርኳቸው። ነገሩን በተማሪዎቹ ሁሉ ፊት እንድናገር ፈቅደውልኛል። ከዚያ በፊት ግን ነገ ማለዳ ደብረ ብርሃን እሄዳለሁ። ድንጋዩ እዚያው ወንዙ ዳር ነበር፤ አምጥቼ ደጃፌ ላይ አስቀምጬዋለሁ። ይዤ ስሳፈር የአውቶቡሱ ረዳት ምን እንደሚለኝ አላውቅም። ልጄም በሩን ትክፈትልኝ አትክፈትልኝ አላውቅም። ባትከፍት እውነቷን ነው።

ከእናንተ ይቅርታ አልለምንም፤ የበደልኩት እናንተን አይደለም። ያን ቀን እኔን የሚሥል ሠዓሊ ቢኖር ፊቴን ወደ ጎን አዙሮ አንድ ዓይን ብቻ ይስጠኝ፤ እኔም ብሆን ራሴን እንዲያ ነው የምሥለው። ሁለተኛውን የሰጠችኝ እሷ ነበረች። መልሳ ብትወስደው የራሷን ነው የወሰደችው።