የማን እንግዳ ነሽ?

ብቻዬን አድሬ አላውቅም ነበር። ይህን ስናገር ሰው ይስቃል፤ ግን አስቡት። የተወለድኩት ሰንጋ ተራ ነው፣ እነዚህ ሁሉ ፎቆች ሳይሠሩ፣ በአንድ ክፍል ቤት። አራት እህትማማቾች አንድ ፍራሽ ላይ ነበር የምንተኛው። ከዚያ ፍራሽ ተነስቼ በቀጥታ ባለቤቴ አልጋ ላይ ገባሁ። ልጆች መጡ። ባለቤቴ ሲሞት ለቅሶ የመጣው ዘመድ ቤቱን ሞላው፤ ዘመድ ሲበተን እናቴ ታማ እኔ ጋ ገባች፤ እሷን ቀብሬ ሳልጨርስ የልጄ ልጅ ትራሷን በብብቷ ይዛ መጣች። ስትተኛ እግሯን የምታሳርፈው ሆዴ ላይ ነው።

አልጠላሁትም። አንዱንም አልጠላሁትም። ግን ሃምሳን ካለፍኩ በኋላ አንድ ሐሳብ ያዘኝ፤ አንዲት ሌሊት የሰው ትንፋሽ ሳልሰማ ባድር ምን ይመስል ይሆን? እያልኩ። ለልደታ ኮንዶሚኒየም ሰው ይህ ቀላል ምኞት አይደለም። የእኛ ግድግዳ ሳል ያሳልፋል። ከላይ ያለችው ጎረቤቴ ሽንኩርት ስትከትፍ እሰማለሁ፤ እንግዳ እንዳለባትና እንደሌለባት ከአከታተፏ አውቃለሁ።

ተራራው የመጣው በልጄ በኩል ነው። እንደ ዘመኑ ወጣት እሁድ እሁድ በአውቶቡስ ተጭና ሃይኪንግ ትሄዳለች፤ አንድ ቀን እኔንም ወሰደችኝ። ተራራውን ወደድኩት። ሰዉ ግን ስፒከሩንም ኬኩንም ይዞ ነው የሚወጣው። ጫፍ ላይ ለፎቶ እጃችንን ዘርግተን ስንቆም በልቤ፣ “እናንተ ውረዱና እኔ እዚህ ልደር” አልኩ። ከዚያ በኋላ ሐሳቡ አለቀቀኝም።

ቦርሳውን ራሴ ሰፋሁት። ጠመንጃ ያዥ ሰፈር ትንሽ የስፌት ቤት አለኝ፣ የተማሪ ዩኒፎርም እሰፋለሁ። ስፌት ማንም አላስተማረኝም፤ እየሰፋሁ፣ እያፈረስኩ ነው የለመድኩት። የጭነት መኪና ሸራ ቆረጥኩ፣ ከአሮጌ የመኪና ቀበቶ ማንገቻ አበጀሁለት፣ ትከሻዬን እንዳይቆርጠኝ ውስጡን ስፖንጅ ሞላሁት። ከዚያ በውሃ የተሞላ ጀሪካን እየከተትኩበት ማለዳ ማለዳ የብሎካችንን ደረጃ መውጣትና መውረድ ጀመርኩ።

የሁለተኛ ፎቋ ጎረቤቴ በሯን ከፍታ ቆመች።

“ውሃ ጠፋ እንዴ?”

“አልጠፋም።”

“ታዲያ ምን ሆነሽ ትሸከሚያለሽ?”

“ልምምድ ነው። ተራራ ልሄድ ነው።”

“ከማን ጋር?”

“ብቻዬን።”

ድምጿን ዝቅ አደረገች። “ከልጅሽ ጋር ተጣላችሁ?”

ግቢው በሙሉ በየተራ ይህንኑ ጠየቀኝ። ጥበቃው ብቻ ለየት አለ። “ስለት አለብዎት እንዴ?” አለኝ። የለብኝም ስለው ይበልጥ አሳሰብኩት። ልጄ ተጨቃጭቃ ተጨቃጭቃ ሲደክማት ድንኳኗንና የመኝታ ከረጢቷን ሰጠችኝ።

“እማዬ፣ ዚፑን እንዳትሰብሪው።”

“ዕድሜዬን ሙሉ ዚፕ ስሰፋ ኖሬ አንቺ ስለ ዚፕ ትነግሪኛለሽ?”

አርሲን የመረጥኩት እናቴ የዚያ ሰው ስለነበረች ነው። ኦሮምኛዬ የእሷ ነው፤ ልጅ ማዘዝ፣ ልጅ መቆጣት፣ እንግዳ ማስገባት፤ ከዚያ ሲያልፍ መንተባተብ እጀምራለሁ። ሐሳቤ ከአርሲ ተራራ በአንዱ በኩል ካለች ትንሽ ከተማ ተነስቼ፣ ደጋውን ተሻግሬ፣ በሌላው በኩል ወዳለው የመኪና መንገድ መውረድ ነበር። ሦስት ሌሊት ይፈጃል። ሦስቱንም ብቻዬን አድራለሁ ብዬ ነበር የተነሳሁት።

የመጀመሪያው ቀን በገብስ ማሳ መሃል ሽቅብ ነው። ቦርሳው ከደረጃው ይልቅ እዚህ ከበደኝ፤ ደረጃ ቢያንስ ማለቂያ አለው። በየጥቂት እርምጃው እየቆምኩ፣ በሶዬን በጥብጬ እየጠጣሁ፣ ወደ ማምሻው ከቤቶቹ በላይ አንዲት ደልዳላ ቦታ አገኘሁና ድንኳኑን መዘርጋት ጀመርኩ። ወዲያው ጋቢ የተከናነበ ሰው በፈረስ መጣ።

“የማን እንግዳ ነሽ?”

“የማንም አይደለሁም።”

ጥያቄው ያልገባኝ መስሎት ቀስ አድርጎ ደገመልኝ። “የማን፣ እንግዳ፣ ነሽ?”

“የማንም። መንገደኛ ነኝ። እዚሁ ነው የማድረው።”

“የማንም የሚባል እንግዳ የለም” አለና ወርዶ ቦርሳዬን ፈረሱ ላይ ጫነው። የሰፋሁትን ማንገቻ ጎተት ጎተት አድርጎ ሲያየው ደስ አለኝ፤ ደስ ስላለኝ ይመስለኛል ተከትዬው የሄድኩት። ገንፎ በቅቤ በላሁ። ከሚስቱና ከሁለት ሴት ልጆቹ ጋር አንድ መደብ ላይ አደርኩ።

ጠዋት ሚስትየው እስከ ወንዙ ሸኘችኝ። ሰውየው ደግሞ እስከ ቀጣዩ ጉብታ መጣና ወደ ማዶ ተጣራ። ከማዶ ሰው መለሰ። እንዲህ እየተቀባበሉኝ አንዱ ሲመለስ ሌላው እየቆየኝ ሄድኩ፤ መንገድ ጠይቄ አላውቅም፣ ጊዜም አልሰጡኝ። ቀኑ ግን መልካም ነበር። ገብሱ አለቀና አስታ የሚባለው ዛፍ መጣ፣ ግንዱ ሁሉ እንደ ሽማግሌ ጢም ያለ ሽበት የተንጠለጠለበት። አንዱ ሸኚ ተሰናብቶኝ ሌላው እስኪደርስ ድንጋይ ላይ ባረፍኩባት አፍታ ቀይ ቀበሮ ከፊቴ አለፈ። ቆም ብሎ አየኝ። እሱ ብቻ ነው የማን እንግዳ እንደሆንኩ ያልጠየቀኝ። ማታ ግን እንደገና ሰው ቤት ገባሁ፤ ትናንትና አራት ነበርን፣ ዛሬ ስድስት ሆንን፣ ጥግ ላይ የታሰረችውን ጥጃ ሳልቆጥር። ይህን ሁሉ ዳገት የወጣሁት ሰንጋ ተራ ፍራሽ ላይ ልመለስ ነው? ብዬ በጨለማ ሳቄን አፈንኩ።

ሦስተኛው ቀን ሲመጣ ግን ሳቁ ቀረ። በማግስቱ የመኪና መንገድ ነው፤ ከዚያ አውቶቡስ፣ ከዚያ ልደታ፣ ከዚያ ሆዴ ላይ ያቺ ትንሽ እግር። አንዲት ሌሊት ቀረችኝ። ከላይኛው ሜዳ በፊት ያለው የመጨረሻው ቤት ስደርስ ባለቤቲቱ በር ላይ ቆመው ነበር፤ ከእኔ በዕድሜ ከፍ ያሉ፣ ፊታቸው በብርድ የጠቆረ። “አዴ” አልኳቸው፣ በእናቴ ቋንቋ ሴት ሲከበር እንዲያ ነው የሚባለው። “ውሃ ብቻ ልጠጣና ላልፍ ነው። ከላይ ሜዳው ላይ ነው የማድረው።”

ትልቁ ልጃቸው፣ ራሱ የልጆች አባት የሆነ፣ ከውስጥ ሰማኝ። “ላይ ብርድ አለ” አለ። “ጅብ አለ። ብርዱም ጅቡም ይቅር፣ ስማችን አለ። የእነእከሌ እንግዳ ሜዳ ላይ አደረች ከተባለ ገበያ በየትኛው ፊታችን እንወጣለን?”

ምን ልበል? ገብቼ ምድጃው ዳር ተቀመጥኩና እውነቱን ነገርኳቸው። በዚያች በተንተባተበች ኦሮምኛ፣ ስለ ፍራሹ፣ ስለ ባለቤቴ፣ ስለ እናቴ፣ ስለ ልጅቷ እግር። ልጁ ራሱን አከከ። እናትየው ግን ጠጋ ብለው ተቀመጡ። አንድ ሕፃን ጭናቸው ላይ፣ አንድ ጀርባቸው ላይ ተለጥፏል፤ ሁለት ምራቶች ምድጃው ላይ ይጋፋሉ፤ ከበር ውጪ አንዱ “እማ!” እያለ ይጣራል።

“አንድም ቀን?” አሉኝ።

“አንድም ቀን።”

“ሲያምሽስ?”

“ያን ጊዜማ ይብሳሉ።”

ሳቁ። ከልብ ነው የሳቁት፤ ጀርባቸው ላይ ያለው ሕፃን ሲናጥ እሱም ሳቀ። ከዚያ ወደ ልጃቸው ዞሩ።

“ከብቶቻችን የት ነው የሚውሉት?”

“ላይ፣ ሜዳው ላይ።”

“የሰው ከብት የሚውለው የት ነው? ግቢው ውስጥ ነው። ስለዚህ ሜዳው ግቢዬ ነው። ግቢዬ ያደረች እንግዳ ቤቴ አደረች ማለት ነው።”

“እማ፣ እንዲህ የሚያህል ግቢ አለ?”

“አባትህ ሰፊ ግቢ ነው የተወልኝ” አሉት። ለእኔ ደግሞ፣ “የማን እንግዳ ነሽ ያለሽ ካለ የእኔ ነኝ በይ። ቁርስ ሳትበዪ ግን ግቢዬን አትለቂም” አሉኝ።

ልጁ ፈረሱን ይዞ እስከ ላይ አደረሰኝ። ነፋስ የማይደርስበት የድንጋይ ጥግ አሳየኝ፣ የምንጩን ቦታ አሳየኝ፣ ደረቅ አስታ ሰብስቦ ቆለለልኝ። ሲመለስ ፈረሱ ላይ ሆኖ ዞር እያለ አየኝ፤ እኔም ቆቡ ከቁልቁለቱ እስኪሰወር ቆሜ ጠበቅሁ። ከዚያ ሜዳው ቀረ፤ ሣሩና ጅብራ የሚባሉት፣ እንደ ምሰሶ ተራርቀው የቆሙት የደጋ ተክሎች።

ስለ ሌሊቱ ብዙ የምለው የለኝም። ያለኝን ልብስ ሁሉ ለበስኩ። የሰው ትንፋሽ አዳመጥኩ፤ አንድ ነበር፣ የራሴ፣ እንደማፏጭ እስከዚያን ቀን ማንም አልነገረኝም። ፈራሁ? መጀመሪያ ትንሽ። ኋላ እንቅልፍ ወሰደኝ። ጠዋት ስነቃ ግን በጣም የሳቅሁበት ነገር፣ በአንድ ጎኔ ከድንኳኑ ግድግዳ ተጣብቄ ነው ያደርኩት። መሃሉን ለማን እንደተውኩት እንጃ። ቀስ ብዬ ተንከባለልኩና መሃል ላይ ገባሁ፤ እጄን በሁለቱም በኩል ዘረጋሁ። የሚነካኝ አልነበረም። ያው እኔ ነበርኩ፤ ግን የሚፈላ ሻይ፣ የሚታጠብ ፊት፣ የሚፈለግ ካልሲ የሌለበት ጠዋት ነበር። ጣሪያውን እያየሁ ቆየሁ። ሌላ ምንም አላደረግሁም።

ፀሐይ ስትወጣ የፈረስ ኮቴ ሰማሁ። አዴ ናቸው፣ ብቻቸውን፣ ወተትና የገብስ ቂጣ ይዘው። ድንኳኑ ላይ ውርጩ እንደ ጨው ነጭቷል። ቁጭ ብለን በላን።

“እንዴት ነበር?”

“ዳር ላይ ነው የተኛሁት።”

ወተቱ እስኪፈስ ሳቁ። ከዚያ ድንኳኑን ማየት ጀመሩ። ዞሩት። በእጃቸው ጨርቁን ዳሰሱት።

“ከውስጥ ይዘጋል?”

“ይዘጋል፣ በዚፕ።”

“አሳዪኝ።”

አሳየኋቸው። የፕላስቲክ ጫማቸውን አውልቀው ደጅ አስቀመጡ፣ ሻሻቸውን ጠበቅ አደረጉና ገቡ። ዚፑ ከውስጥ ቀስ እያለ ተዘጋ።

“አዴ፣ እዚሁ ነኝ፤ ካስቸገረዎት ይጥሩኝ” አልኩ።

“እዚህ አትሁኚ” አሉኝ ከውስጥ።

ገባኝ። የፈረሱን ልጓም ይዤ ራቅ ብዬ ሄድኩና ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ። መንገዴ ገና ነበር፣ አውቶቡሱም አይጠብቀኝም፤ ግን የመቸኮል ስሜት ከየትም አልመጣልኝም። ትንሽ ቆይቶ ልጃቸው በሌላ ፈረስ እየጋለበ ከቁልቁለቱ ብቅ አለ።

“እናቴን አይተሻል? ቤት እየፈለጓት ነው።”

“ግቢያቸው ውስጥ ናቸው” አልኩት።

ድንኳኑን አየ። ደጁ ላይ ያለውን ጫማ አየ። አፉን ሊጣራ ከፈተና መልሶ ዘጋው፤ ወርዶ አጠገቤ ተቀመጠ። ውርጩ ሲሞቅ ከድንኳኑ ጫፍ ይንጠባጠብ ጀመር። ነፋሱ ወደ እኛ ሲዞር ቀጭን እንጉርጉሮ ይዞ መጣ፤ ቃሉ አይለይም፣ ዜማው ብቻ።

“ስታንጎራጉር ሰምቻት አላውቅም” አለ ልጁ።

ሁለታችንም ተነሳንና ፈረሶቹን ትንሽ ራቅ አደረግናቸው።